የማን ልጅ ነህ?

ቅዳሜ ቅዳሜ የታዲዮስ ሚኒባስ ከሞላሌ አያልፍም። ከደብረ ብርሃን የጫናቸውን ሰዎች መናኸሪያው ላይ ያወርዳል፤ ወደ መሐል ሜዳ የሚቀጥሉ ካሉ ለሌላ ሾፌር ያስረክባል፤ ከዚያ መኪናውን የመሪጌታ መልከ ጼዴቅ አጥር ሥር አቁሞ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ ወደ ግቢው ይገባል። ሰፈሩ ምክንያቱን ስለሚያውቅ አይጠይቅም። አይጠይቅም ማለት ግን አያማም ማለት አይደለም።

ሽማግሌውን ገላቸውን የሚያጥባቸው እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ያየቻቸው ሐኪም «የመርሳት በሽታ» ያለችው፣ ሰፈሩ ደግሞ «ጃጁ» ብሎ ያሳጠረው ነገር ከያዛቸው ወዲህ ብዙ ነገር ከእጃቸው ወጥቷል። ባለቤታቸው መሞታቸውን ረስተዋል። ምሳ በልተው እጃቸው ሳይደርቅ «ዛሬ ጾም ነው እንዴ?» ይላሉ። የገዛ ደጃቸው ላይ ቆመው ቤታቸው የት እንደሆነ መንገደኛ ይጠይቃሉ። ያልረሱት አንድ ነገር ክህነታቸውን ነው። ሴት ልብሳቸውን ልታወልቅ እጇን ከዘረጋች፣ ያቺ ሴት የአብራካቸው ክፋይ እስከዳር ብትሆንም እንኳ፣ «ምን ሆነሻል! ቄስ ነኝ እኮ!» ብለው መቋሚያቸውን ያነሳሉ። አንድ ቀን ውሃ የሞላ ሳፋ ገልብጠውባታል። እሷም ጎረቤት ለመነች፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ለመነች፤ አንዱ መጥቶ ተሰድቦ ሄደ፣ ሌላው ሥራ አለብኝ አለ። ሳትለምነው የመጣው ታዲዮስ ብቻ ነው።

«የኔታ፣ ውሃው ሞቋል።»

«የምን ውሃ?»

«ገላዎን ሊታጠቡ ነው። ነገ እኮ ሰንበት ነው።»

«አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?»

ይህችን ጥያቄ ታዲዮስ አይመልሳትም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትመጣለች፤ እሱም በመጣች ቁጥር ይሸሻታል። «ተማሪዎ ነኝ» ይልና ወዲያው ወሬውን ያዞረዋል። «የኔታ፣ ቅድም ከሰው ጋር ተከራክሬ ነበር። የላይኛው ሰፈር የይሥሐቅ ዘር እንዴት ነበር?»

ያን ጊዜ የሽማግሌው ፊት ይፈታል። በደኅናው ዘመን ከመንዝ እስከ ግሼ፣ ልጅ የሚድር ሁሉ እሳቸውን ሳይጠይቅ ድግስ አይጠነስስም ነበር። ሙሽሮቹ በሰባት ቤት ውስጥ በሥጋ እንዳይገናኙ፣ የሁለቱን ወገን አያት ቅድመ አያት በቃላቸው እየጠሩ የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው። አሁንም፣ የዛሬው ሁሉ ሲጠፋባቸው ያ ቆጠራ አልጠፋም። «ይሥሐቅ የማን? የገብረ መስቀል። ገብረ መስቀል የማን?» እያሉ ሲወርዱ ታዲዮስ ሸሚዛቸውን ያወልቃል። በጣሳ ቀስ አድርጎ ያፈስላቸዋል። ሰባተኛው ቤት ሲደርሱ ጀርባቸው ታጥቧል፤ የሌላ ሰው ዘር ሲጀመር እግራቸው ይታጠባል። ይህችን ዘዴ ያስተማረው የለም። እያየ፣ እየተሰደበ ያገኛት ናት።

ሲጨርስ በወፍራም ባና ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ያስቀምጣቸዋል። እስከዳር ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ እዚያው ትጠብቃለች። ዞር ስትል መጀመሪያ የምታየው አባቷን ነው፤ ቀጥሎ ታዲዮስን። ሁለተኛው እይታ ከመጀመሪያው ትንሽ ይረዝማል። ያንን ትንሽ ለማግኘት ሳምንቱን ሙሉ የጣርማ በርን ጉም እየሰነጠቀ ይነዳል ቢባል ውሸት አይሆንም።

*

ያቺን ጥያቄ የሚሸሽበት ምክንያት አለው።

እሱና እስከዳር መሐል ሜዳ አብረው ሲማሩ ተዋደዱ። እንደ ጨዋ ልጅ ነገሩን አልደበቁትም። እሷ አስተማሪ ሆና ሞላሌ ስትመደብ፣ እሱም መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ፣ የታዲዮስ አባት አቶ ኃይለ ኢየሱስ ሽማግሌ ላኩ። መሪጌታም ሽማግሌዎቹን በደስታ ተቀበሉ። ልጁን ይወዱታል። ግን ለሰው የቆጠሩትን ለራሳቸው ሳይቆጥሩ ሊቀሩ አይደለም፤ ግቢያቸው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ተቀምጠው ጀመሩ። በልጁ ወገን ቆጥረው አምስተኛው ቤት ላይ «ወለተ ኪዳን» አሉ። በራሳቸው ወገን ቆጥረው አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «እኛም ወለተ ኪዳን» አሉ። «ደም ናቸው። እህትና ወንድም ናቸው።»

ቢቆጡ፣ ቢንቁት፣ ደሃ ነው ብለው ቢመልሱት ይሻል ነበር። በንቀት ላይ መሸፈት ይቻላል። እሳቸው ግን አለቀሱ። ታዲዮስ እስከ ዛሬ ያንን እንባ ይቅር ማለትም መጥላትም አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሄዱ። እሱ አላገባም፤ እሷም የመጣውን ሁሉ መለሰች። መንገድ ላይ ሲገናኙ «ወንድሜ»፣ «እህቴ» ይባባሉና ፈጥነው ይለያያሉ። አባቷ ሲታመሙ እስከዳር ለማንም አልነገረችም። እሱ የሰማው ከተሳፋሪ ነው። በማግስቱ በሯ ላይ ቆመ፣ «ሳፋው የት ነው?» አለ፤ በዚያው ቀጠለ።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ ሽማግሌው ባናቸው ውስጥ አንቀላፍተው ሳለ፣ እስከዳር ለሳምንታት በሆዷ ስታመላልስ የቆየችውን አወጣችው።

«ታዲ፣ ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«ምን ይላል?»

«ወንድሟ ከተባለ ወንድሟ ይሁን፣ ዓይኑ ግን የወንድም አይደለም ይላል።»

«እጄን ይዩት እንጂ። ሳሙና በልቶታል።»

አልሳቀችም። በሌላ ጊዜ ትስቅ ነበር።

«አግባ» አለችው።

«ምን?»

«አግባ እልሃለሁ። እኔ አባቴን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። አንተ ምን ይዘህ ነው? በመጣህ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ደስ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ኃጢአት የሠራሁ ይመስለኛል። ከእንግዲህ አልችልም። ወይ ወንድም ሁነኝ፣ ወይ ተወኝ።»

«እኔ የምመጣው ለየኔታ ነው።»

«ውሸታም።»

ቃሏ ለስለስ ብላ ነው የወጣችው፣ ያም ባሰበት። መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ከያዘ በኋላ ቁልፉን ማዞር ተስኖት ቆየ። እውነቷን ነው። ለሽማግሌው ብቻ የሚመጣ ሰው ሲሄድ እንዲህ አይከብደውም።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌውን ያገኛቸው እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ልጅ ሆነው ውለዋል። «እማማ የት ሄደች?» እያሉ አያታቸውን ሲፈልጉ፣ አልጋ ሥር ሲያዩ፣ ሲያለቅሱ ነው የዋሉት። እስከዳር ፊቷ አመድ መስሏል። ስለ ያለፈው ሳምንት ነገር አንዳቸውም አላነሱም፤ ውሃውን አቀበለችውና ወጣች።

ሸሚዛቸው ገና ግማሹ እንደ ወለቀ እጁን ያዙት። ይንቀጠቀጣሉ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«ተማሪዎ ነኝ፣ የኔታ። የይሥሐቅ ዘር እንዴት ነበር?»

«ይሥሐቅ የሚባል አላውቅም! አንተ የማን ልጅ ነህ?»

የሌላ ሰው ዘር ጠየቀ፤ አልሆነም። ዳዊት ጀመረላቸው፤ አልሆነም። ዓይናቸው ፈጧል። የማያውቁት ጎልማሳ ልብሳቸውን ሊገፍ የመጣ ነው የመሰላቸው፤ ውጭ ደግሞ ብርዱ መጥቷል፣ ውሃው እየቀዘቀዘ ነው። ታዲዮስ ከፊታቸው በርከክ አለ። ቆረጠና፣ ለዓመታት የሸሻትን ጥያቄ መለሳት።

«የኃይለ ኢየሱስ ልጅ ነኝ፣ የኔታ። የዮሴፍ የልጅ ልጅ።»

መንቀጥቀጣቸው ቆመ።

«የዮሴፍ!» አሉ። ድምፃቸው የመሪጌታ ድምፅ አልነበረም። ምድጃ ዳር ተቀምጦ አያቱ ያስጠናችውን የሚወጣ ልጅ ድምፅ ነበር። «ዮሴፍ የማን? የዘነበች። ዘነበች የማን? የአሰጌ። አሰጌ የማን? የድንቅነሽ። ድንቅነሽ አንድ ዓይና ናት፤ ከመርሐቤቴ ባሏን ጥላ በበቅሎ የመጣች። እማማ ትፈራታለች።»

ታዲዮስ ጣሳውን እንደያዘ ቀረ። አምስተኛው ቤት ላይ ናቸው። በዚያ ቤት ላይ የሚያውቀው ስም ሌላ ነበር።

«የኔታ... ድንቅነሽ የክርስትና ስሟ ማን ነበር?»

«ወለተ ኪዳን።»

ቀስ ብሎ፣ እንደሚሰበር ነገር፣ «የእርስዎስ ዘር?» አላቸው።

«የእኔማ ቀላል ነው! መልከ ጼዴቅ የአትናቴዎስ። አትናቴዎስ የወርቅነህ። ወርቅነህ የተክሌ። ተክሌ የብርቄ። ብርቄ ከግሼ ወጥታ አታውቅም። እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ተቀበረች።»

«የብርቄስ የክርስትና ስም?»

«ወለተ ኪዳን ነዋ!»

«ሁለት ወለተ ኪዳን አሉ?»

«ምን ሁለት ብቻ!» አሉ ሽማግሌው ተገርመው። «በየደብሩ ስንት ወለተ ኪዳን አለ! አፍስስ እንጂ፣ በረደኝ።»

አፈሰሰ። ጀርባቸውን አሸ፤ በደረቅ ጨርቅ አደረቃቸው፤ በባናቸው ጠቀለላቸው። ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባው። ቄስ ሙታንን የሚያውቃቸው በክርስትና ስማቸው ነው። ፍትሐት ላይ፣ ዝክር ላይ የሚጠራው ይኸው ስም ነው፤ «ድንቅነሽ» ብሎ የሚጸልይ ቄስ የለም። ጥዱ ሥር የቆጠሩት እኚያ ቄስ ነበሩ። ሁለት ሴቶች በአንድ የክርስትና ስም ተጠርተው፣ አንዲት ሴት ሆነው ቀሩ። ዛሬ የቆጠረው ግን ቄሱ ሳይሆን የምድጃው ዳር ልጅ ነው፤ ለእሱ ድንቅነሽ ድንቅነሽ ናት፣ ብርቄም ብርቄ።

ሊጮህ ፈለገ። ወጥቶ እስከዳርን ሊያቅፋት ፈለገ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሐሳብ እግሩን ያዘው። የሞተች ሚስታቸውን ምሳ ደርሷል ወይ ብለው የሚጣሩ ሰው ናቸው። ደኅና ሆነው የቆጠሩትን ውሸት፣ ታመው የቆጠሩትን እውነት የሚያደርገው ምንድን ነው? የእሱ ምኞት? የታመመ ሰው አፍ ላይ የሚፈልገውን ቃል ማንሣት ሌብነት መሰለው። ለእስከዳር ደግሞ ነግሮ ሐሰት ከሆነ፣ ያንን ሐዘን ሁለተኛ ሊያለብሳት ነው።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አለችው ፊቱን አይታ።

«ምንም።»

በአንዲት ቃል እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

*

በሳምንቱ መካከል ደወለላት።

«እስከዳር፣ የፊታችን ቅዳሜ አልመጣም። የምሄድበት ጉዳይ አለኝ።»

ስልኩ ውስጥ ከኋላዋ የሽማግሌው ድምፅ ይሰማል፣ አሁንም ሰው ይጣራሉ።

«ገባኝ» አለች።

«ምን ገባሽ?»

«ያልኩህን ሰማኸኝ ማለት ነው። ጥሩ አደረግህ፣ ወንድሜ። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እስካሁንም ብዙ ደክመህልናል።»

«እንደሱ አይደለም፤ ስሚኝ...»

ዘግታዋለች። መልሶ ሊደውል ስልኩን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ አነሣ። ምን ብሎ ይነግራታል? አክስትሽ ጋ ዘመሮ ነው የምሄደው ቢላት ለምን ትለዋለች። እንዳስቀየማት እያወቀ ዝም ማለት፣ ከዚያ ቀደም ካደረገው ሁሉ ከባዱ ሆነበት።

ዘመሮ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የመሪጌታ ታላቅ እህት እማሆይ አመተሥላሴ ይኖራሉ። ከመነኮሱ ቆይተዋል፤ እግራቸው ስለደከመ ከወንድማቸው ሚስት ቀብር ወዲህ ሞላሌ አልመጡም። ታዲዮስ ሲደርስ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሱፍ እየፈተሉ አገኛቸው። ራሱን አስተዋወቀ፤ የወንድማቸውን ሕመም ነገራቸው፤ እማሆይ የራሳቸውን ጉልበት ይዘው አለቀሱ። ሲረጋጉ፣ መኪና ውስጥ ሲለማመደው የመጣውን ጥያቄ ጠየቀ። ምንም እንዳይጨምር፣ ምንም እንዳይመራቸው ተጠንቅቆ ነበር።

«እማሆይ፣ ወለተ ኪዳን የምትባለውን ቅድመ አያት ያውቋታል?»

«የትኛዋን?» አሉ።

ታዲዮስ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«የኛዋን ብርቄን ነው ወይስ ያችን ዓይነ ስንኩሏን?» እማሆይ ቀጠሉ። «ድንቅነሽን ማለቴ ነው፣ የመርሐቤቴዋን። አያታችን ስሟ ሲነሳ ታማትብ ነበር። ምነው ልጄ? ምን ሆንክብኝ?»

ሁሉንም ነገራቸው። ሽማግሌዎቹን፣ ጥዱን፣ አምስተኛውን ቤት፣ የዓመታቱን «እህቴ» እና «ወንድሜ»። እማሆይ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ደም ናቸው አሉ ሲባል እኔም ሰምቼ ነበር፤ በማን በኩል እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። አይ መልከ ጼዴቅ!» አሉ፣ ንዴትና ሳቅ እየታገላቸው። «ልኮ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ግን ማን ሴት ይጠይቃል! ሽማግሌዎቹ ወንድ፣ ቆጣሪው ወንድ፤ የተቆጠሩት ደግሞ ሁለት ሴቶች!»

ታዲዮስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ ስንት አይቷል፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ግን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እማሆይም እስኪወጣለት እንዲያለቅስ ተዉት።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እማሆይን ጋቢና አስቀምጦ ሞላሌ ገባ።

በሩን የከፈተችው እስከዳር ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ቀሚሷ ከወገቧ በታች እርጥብ ነው። ብቻዋን ልታጥባቸው ሞክራ እንደነበር አልጠፋውም። ታዲዮስን አየችና ፊቷን አጠቆረች።

«ጉዳይህ አለቀ?»

«አለቀ።»

«እንኳን ደስ ያለህ። ሙሽሪት የት አገር ናት?»

«ዘመሮ» አለ ታዲዮስ ሳያስበው፣ እማሆይም ከኋላው ብቅ አሉ።

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ይፈነዱ ነበር። እስከዳር አክስቷን አቅፋ ስታበቃ ግን ከሁለቱ ፊት አንድ ነገር አነበበችና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«የሞተ የለም፣ ልጄ። ቁጭ በይ» አሉ እማሆይ።

መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀምጠው የገብስ ቂጣ ይዘዋል። እህታቸውን ትክ ብለው አዩአቸው። «እማማ?» አሉ። እማሆይ ያንን ስም አላረሙም። አጠገባቸው ተቀመጡና እጃቸውን ይዘው፣ «በል ቁጠርልኝ» አሏቸው። ሽማግሌው ቆጠሩ፤ እማሆይ እየተቀበሏቸው፣ አንዱ ስም ሲጠፋበት ሌላው እያቀበለ፣ ሁለት አረጋውያን እንደ ልጅ ከድንቅነሽም ከብርቄም ደረሱ። ከዚያ እማሆይ ወደ እስከዳር ዞረው ነገሩን በቀጥታ ነገሯት። ሁለት ናቸው። አንዷ የመርሐቤቴ፣ አንዷ የግሼ። ከክርስትና ስም በቀር የሚያገናኛቸው የለም። «ነገ ሞቼ አምላኬ ፊት ስቀርብም የምመሰክረው ይህንኑ ነው» አሉ።

እስከዳር አልጮኸችም፣ አልሳቀችም። ወደ አባቷ ነው ያየችው። ሽማግሌው ቂጣውን ቆርሰው በፈገግታ ዘረጉላት። ተቀበለች። እጇ ውስጥ ይዛው ቆየች።

«ማንን ልቆጣ?» አለች በመጨረሻ። «ያን ስሕተት የሠሩት አባቴ አሁን የሉም። እኚህ ደግሞ ምን አደረጉኝ? ቂጣ ነው የሰጡኝ።»

ብድግ ብላ ወጣች። ታዲዮስ ተከትሏት ወጣ። አጥሩን ተደግፋ አገኛት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሐሰት ቢሆንስ? አንድ ጊዜ ሐዘን ተቀምጠሻል። በእኔ ምክንያት ሁለተኛ እንድትቀመጪ አልፈለግኩም።»

«ትናንት ተቀምጬልሃለሁ» አለች፣ እንባዋ መጣ። «ትናንት ውሃውን አሞቅኩ፣ መኪና ሲያልፍ ወጣሁ፣ ሌላ መኪና ሲያልፍ ወጣሁ። ራሴ ሂድ ብዬህ፣ ራሴ በር ላይ ስጠብቅህ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ሞኝ ሴት አይተህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ሂጂ ስትባል የማትሄድ፣ አባቷን የማትጥል፣ አንድ ሞኝ አውቃለሁ።»

«ታዲ፣ አባቴ አይድኑም። ሐኪሟ አልዋሸችኝም። ነገ ስሜን ይረሳሉ፤ ከነገ ወዲያ መብላት ይረሳሉ። እኔን ያገባ ይህን ሁሉ ነው የሚያገባው። አሁን ስለደነቀህ አትቸኩል።»

«እስከዳር፣ እኔ እኮ የአባትሽን ጀርባ ከራሴ መዳፍ ይልቅ ነው የማውቀው። ግራ ትከሻቸው ላይ ሲነኩ ይኮረኩራቸዋል። ውሃው ትንሽ ከሞቀ ይሳደባሉ፣ ትንሽ ከበረደ ያለቅሳሉ። ስሜን አንድ ቀን እንኳ አስታውሰውት አያውቁም፣ ምንም አልሆንኩም። ለእኔ ከባዱ ቅዳሜ ማታ መሄድ ነው። መምጣት ከብዶኝ አያውቅም።»

ቀና ብላ አየችው። ያ ትንሽ የሚረዝመው እይታ ዛሬ መቋረጥ አልነበረበትም፣ አልተቋረጠምም። እጁን ያዘች። ሳሙና የበላውን ጣቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። በደረታቸው ውስጥ ለዓመታት ተጨብጦ የኖረ ነገር ሲፈታ፣ መጀመሪያ የሚሰማው ደስታ ሳይሆን ድካም ነው። ቁጭ ማለት ነበር ያማራቸው።

«ኑ ግቡ!» እማሆይ ከውስጥ ተጣሩ።

ሲገቡ እማሆይ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የሽማግሌን ወግ ይዘው ተቀምጠዋል። «ሽማግሌ በሥርዓቱ ይላካል፤ ለአባትህ ትነግራለህ» አሉት ታዲዮስን። «ግን የልጅ አባት፣ ታመመም አልታመመም፣ አይዘለልም። አሁኑኑ ይጠየቅ።»

የእስከዳር እጅ በታዲዮስ እጅ ውስጥ ቀዘቀዘ። ያ ጥዱ ሥር የተባለው ቃል ከወዴት እንደሚመጣ አይታወቅም። ከሽማግሌው ጭንቅላት የትኛው ቀን እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም፤ ያ ቀን ከወጣ፣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከአባቷ አፍ እንደገና «ደም ናቸው» የሚል ቃል ሰምታ መቆም የምትችል አልመሰላትም።

«መልከ ጼዴቅ» አሉ እማሆይ ጮክ ብለው፣ «ይህ ልጅ እስከዳርን ለትዳር እየጠየቀህ ነው። ምን ትላለህ?»

ሽማግሌው ቂጣቸውን አስቀመጡ። ታዲዮስን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ልጃቸውን አዩ። ግንባራቸው ተቋጠረ፣ ሰውየው ሊቆጡ ነው።

«ምን ትላለች ይህች መነኩሲት?» አሉ ወደ እስከዳር ዞረው። «አግብቶሽ የለም እንዴ? ባልሽ ካልሆነ በየሳምንቱ እየመጣ የሚያጥበኝ ማን ሆኖ ነው?»

እስከዳር አፏን በነጠላዋ ልትይዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። ሳቋ ከእንባዋ ጋር ገንፍሎ ወጣ፣ ወገቧን ይዛ እስክትጎነበስ ሳቀች። ሽማግሌውም፣ ምን እንዳሳቃት ባያውቁም፣ ልጃቸው ስትስቅ ደስ ብሏቸው አብረዋት ሳቁ።